ማጽናናትም በዲግሪ ሆነ

እስኪ ፍረዱኝ፣ እኩዮቼ! እናንተ አስፋልት ለመሻገር ከዘራ ተደግፋችሁ ሩብ ሰዓት የምትቆሙ፣ ባንክ ቤት ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ «በስልክዎ ይጨርሱት» የምትባሉ፣ ማዕድ ሲቀርብ ልጆቹ አንገታቸውን የደፉት ለጸሎት መስሏችሁ አብራችሁ የደፋችሁ፤ ከእናንተ ሌላ ማን ይፈርድልኛል? እንጀራው በኤሌክትሪክ ተጋገረ፣ ዝም አልን። ሠርጉ አዳራሽ ገባ፣ ዝም አልን። ቡናው በወረቀት ኩባያ ተይዞ መንገድ ለመንገድ እየተጠጣ፣ ሦስተኛው ቀርቶ ሁለተኛው ሳይደርስ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሮጠ፤ እሱንም ጥርሳችንን ነክሰን ቻልነው። አሁን ግን የባሰው መጣ። ያዘነን ሰው «አይዞህ» ለማለት 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ያስፈልጋል ተባለ።

የልጄ ልጅ፣ ምላሷ የተሳለ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሚገባ ያለፈች ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማኅበራዊ ሥራ የሚባል ትምህርት መረጠች። ሶሻል ወርክ ነው የሚሉት። የአእምሮ ጤና አለበት፣ የቤተሰብ ጠብ አለበት፣ የጎዳና ልጆች አሉበት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ አለበት። አረጋውያን የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን። «ስትመረቂ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላት «ሰው አዳምጣለሁ፣ አባባ» አለችኝ። ማዳመጥ! ይህ እኮ በቤታችን ሰው ሁሉ በር ሥር ቆሞ በነጻ ሲሠራው የኖረ ሥራ ነው። ሐኪም ትሆናለች ብዬ ለሰፈሩ አውርቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን የደም ግፊቴን ማን ሊለካልኝ ነው?

የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ ብታዩት ስለ ሰው ጭንቀት ብዙም አይናገርም። አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሎጂክ ይማር፣ ጂኦግራፊ ይማር፣ አንትሮፖሎጂ ይማር፣ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ ይማር ተብሎ ተደንግጓል። የአካል ብቃት የሚባልም ትምህርት አለ፤ ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ ሜዳ ስትዞር ከረመች። ለቅሶ ቤት በሩጫ የሚደረስ መስሏቸው ይሆን? እኛ ፊደል የቆጠርነው የኔታ እግር ሥር ነበር። የኔታ በአለንጋ ገርፈው ካስለቀሱን በኋላ ራሳቸው ጠርተው ቆሎ እየሰጡ ያባብሉን ነበር፤ በሽታውም መድኃኒቱም ከአንድ እጅ። ትምህርት እንዲህ ሲሆን ይጠልቃል። ይኸው እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አለንጋውን በሕልሜ እያየሁ እባንናለሁ፤ ያን ያህል አልረሳሁትም።

«አባባ፣ ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም» ትለኛለች ደግሞ፣ ልታስተምረኝ። እ.ኤ.አ. በ1959 እዚሁ አዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር አለች። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና ተከፈተ፤ ያውም በሁለተኛ ዲግሪ ተጀምሮ ነው ኋላ ወደ መጀመሪያው የወረደው፤ ጣሪያው ከመሠረቱ ቀደመ ማለት ነው። ይኸው አልኳት! ያ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ኖረ፤ ምን ጎደለን? ምን ደረሰብን? ቀይ ሽብር ነበረ፤ እሱ አለፈ። የ77 ድርቅ ነበረ፤ ሰፈራ ነበረ። ልጆቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱ፤ የተመለሰ ተመለሰ። መንግሥት ተለወጠ፣ የባድመ ጦርነት መጣ። ከእነዚህ በቀር በሰላም ነው የኖርነው። ማንም ማንንም «ምን ይሰማሃል?» ብሎ አልጠየቀም፤ ማንም አልተናገረም። ታላቅ ወንድሜ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባ ነበር እንጂ፣ አንድ ቀን ጨነቀኝ ብሎ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። ወንድ እንዲያ ነበር።

ሐኪም ቤቱንም ቢሆን አብዝተውታል። በእኛ ጊዜ ለአእምሮ ሕመም አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ጣሊያን በነበረበት ዘመን የተቋቋመ፣ ለብዙ ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ። አንድ ሆስፒታል ለመላ ሀገር! ይበቃ ነበር። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ከእኛ ሰፈር ማንም ሄዶ አያውቅም። የሄደም እንደሆነ በሌሊት ነው የሚሄደው፤ ቤተሰቡም «ጎጃም ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» ይለናል፤ እኛም እናምናለን፤ ሲመለስም ስለ ጎጃም እንጠይቀዋለን። እንዲህ ነበር መከባበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 የሥነ አእምሮ ነርሶችን እዚሁ ማሠልጠን ተጀመረ፤ በ2003 ደግሞ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ቤት ማስተማር መጣ። ጅማም ጎንደርም በየፊናቸው ማስተማር ቀጠሉ። ሐኪሙ ሲበዛ በሽተኛውም አብሮ በዛ፤ ይህን ደግሞ ማንም ልብ አላለውም።

ቡታጅራ ላይ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠየቁ ብላ አነበበችልኝ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ውስጥ አብዛኞቹ ሐኪም ፊት ቀርበው አያውቁም ነበር። 68 ሺህ ሰው ማድከም! እኔን ቢጠይቁኝ ጠጅ ቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጬ በአንድ ከሰዓት በኋላ እጨርስላቸው ነበር። በሰፈራችን ጤና የጎደለው ማን እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም።

«ታዲያ ያልታከሙት የት ነበሩ፣ አባባ?» አለችኝ። የት ይሆናሉ፣ በቤታቸው ነዋ! ድሮ አእምሮው የታወከ ሰው በፍቅር ነበር የሚያዘው አልኳት። የጎረቤታችን ልጅ ታሞ ጠበል ተወስዶ አልሻለው ሲል፣ አባቱ ከጓሮ ክፍል ሠርቶለት፣ እንዳይጠፋ እግሩን በጥሩ ሰንሰለት አስሮ፣ እኛም በየተራ ምግብ እያደረስን ስንት ዓመት ኖረ። ማንም አልጣለውም። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከእኔ ቤት ቁርጥ ይሄድለት ነበር። አሁን ያለው ትውልድ ይህን ያህል ይችላል? ልጅቷ ይህን እየነገርኳት ማስታወሻ መያዟን አቆመች፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ትጋት የላቸውም! አሁን ደግሞ ጠበሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ ካህኑና ሐኪሙ ይመካከሩ እያሉ ያስተምሯቸዋል። ይህንንስ ብዙም አልጠላሁትም፤ እኔ ራሴ የግፊቴን ክኒን የምውጠው በጠበል ነው።

ሁለተኛው ዓመት መጣና ፈረንጆቹ ቤቴ ገቡ። አንዱ አብርሃም ይባላል። ስሙን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ አሜሪካዊው ማስሎው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን ፍላጎት ደረጃ በደረጃ ሠርቶታል፤ ኋላ በፒራሚድ ይሥሉት ጀመር። ከታች እህልና ውኃ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍቅር፣ ቀጥሎ ክብር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሰው ሊሆን የሚችለውን ሁሉ መሆን። ሆድ ሳይሞላ ወደ ላይ አይወጣም ማለቱ ነው። እንግዲህ የዋልድባ መነኮሳት ቋርፍ እየቀመሱ የትኛው ደረጃ ላይ ናቸው ሊለን ነው? ልጅቷን ጠየቅኋት፤ «ጥሩ ትችት ነው፣ መምህራችንም ብለውታል» አለችኝ። እኔ አስቀድሜ ያልኩትን መምህሩ ብለውታል ይባልልኛል!

ሌላው ካርል ሮጀርስ ነው። የመጣብህን ሰው ሳትፈርድበት እንዳለ ተቀበለው ይላል። እስኪ ይህን ለእድር ዳኛ ንገሩት! ሳይፈርዱ ዳኝነት አለ? እኔ በዳኝነቴ ዘመን ሰው ገና ከበር ሲገባ ጥፋቱን አውቅ ነበር። አፉን ከመክፈቱ በፊት ፈርጄ ስለምጨርስ ስብሰባችን አጭር ነበር፤ ዛሬ አንዱን ሰው ለማዳመጥ ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

ከዚያ ጄኖግራም የሚባል ነገር አመጣች። የቤተሰብ ካርታ ነው። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ ትሆናለች። የሚዋደዱት በድርብ መስመር ይገናኛሉ፤ የተጣሉት በወጣ ገባ መስመር። ዘራችንን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ ዘርግታ ስታሳየኝ፣ ከእኔ አራት ማዕዘን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ወጣ ገባ መስመር ይወጣል። «ከሁሉም ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ?» ብላት «ሌላ አማካይ ሰው አላገኘሁም» አለች። ይህን እንኳ አልፌዋለሁ፤ እነሱ ናቸው የተጣሉኝ። የከፋኝ ሌላ ነው። የባለቤቴ ክብ ላይ የኤክስ ምልክት አድርጋበታለች። የሞተ ሰው ምልክት ነው አለችኝ። ሴትየዋን የተሳሳተ ሒሳብ አስመሰለቻት! ልጅቷ ቡና ልታፈላ ስትነሣ ላጲስ ፈልጌ አጠፋሁት። መምህሯ አንድ ነጥብ ቀነሰባት መሰለኝ፤ ይቀንስ።

ሦስተኛው ዓመት የሙያው ሥነ ምግባር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ዓለም የተገለበጠው። አንደኛ፣ ምክር አትስጡ ይባላሉ። ተገልጋዩ የራሱን መንገድ ራሱ እንዲያገኝ ነው የምትረዱት ይሏቸዋል። ምክር የማይሰጥ መካሪ ምን ያደርጋል? እኛ ሰው «ደኅና አደራችሁ» ሲለን ገና ምክር እንጀምር ነበር። ሁለተኛ፣ ተገልጋዩ ቤት ሄዳችሁ ስጦታ አትቀበሉ ይባላሉ። ሴትዮዋ ቆሎ አቅርባ፣ ቡና አቅርባ፣ ይቺ ልጅ «አመሰግናለሁ፣ አይፈቀድልንም» ልትል! ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ጭንቀቷ ቢብስባት ይፈረድባታል? እዚህ ላይ መምህሮቻቸውም ግራ ሳይገባቸው አልቀረም፤ በእኛ ሀገር አንድ ሲኒ ቡና እንቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከሩበት አለችኝ። ሦስተኛ፣ ምስጢር ጠብቁ ይባላሉ። ይህን ደግሞ ምኑን ይማሩታል? እኛ ምስጢር በመጠበቅ የታወቅን ነበርን። የነገሩንን ነገር ከሰፈራችን ሰው በቀር ማንም አያውቀውም ነበር።

የማዳመጡንም ዘዴ ቤት ድረስ አምጥታ ትለማመድብኛለች። «ልጄ፣ ጎረቤት ያስጮኹት ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ» ስላት፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «የጎረቤቶቹ ሙዚቃ እንቅልፍ ነሥቶዎታል» ትላለች። አሁን ምን አልኩ! «አናድዶኛል እኮ» ስል «ተናደዋል» ትላለች። የገደል ማሚቶ ለመሆን ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባችው? እርግጥ ነው፣ እንዲያ እንዲያ ስትለኝ የሙዚቃውን ነገር ትቼ ስለ ወንድሜ፣ ስለ አባቴ፣ ገንዘቤን ይዞ ስለጠፋው የድሮ ጓደኛዬ እስከ እኩለ ሌሊት አወራኋት። ይህ የሆነው ግን ዘዴው ሠርቶ አይደለም፤ ልጅቷ ስለማታውቅ ላስተምራት ብዬ ነው።

ከዚያ ጥያቄ ያለበትን ወረቀት ይዛ መጣች። የድብርት መለኪያ ነው፤ 9 ጥያቄ አለው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ 27። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ማነስ?» አለች። ዜና የሚሰማ ሰው ምን ፍላጎት ይኖረዋል? በየቀኑ አልኩ፤ 3። እንቅልፍ? ሌሊት 9 ሰዓት ለጸሎት እነሣለሁ፤ 3። የምግብ ፍላጎት? ፍልሰታ ነው፤ ማን ይበላል? 3። ጋዜጣ ሲያነቡ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅትዎታል? መነጽሬን የሰበረው የእሷ ወንድም ነው፤ 3። እንቅስቃሴዎ ዝግ ብሏል? ጉልበቴን ጠይቂው፤ 3። ራስዎን እንደ በደለኛ ይቆጥራሉ? ኃጢአተኛ ያልሆነ ማን አለ፣ ልጄ? 3። ዘጠነኛው ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ ወይ ነው ነገሩ። «ጠዋትና ማታ ሞቴን አሳምርልኝ እላለሁ» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች! ብድግ ብላ ተቆጣጣሪዋ ጋ ስልክ ደወለች። ሴትየዋም በስልክ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ጨዋ ናት፤ ጸሎት መሆኑን ስነግራት ሳቀች። ወረቀቱ ለመለየት የሚረዳ እንጂ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም፣ የሰውየውን አኗኗር ሳይጠይቁ መደመር አይገባም ብላ ልጅቷን አረመቻት። ቢሆንም ወረቀቱ እንዳይቀደድ አድርጌያለሁ። ከ27 ውስጥ 24 ነው ያመጣሁት፤ ከክፍሏ ልጆች አያቶች ማንም አልደረሰብኝም።

ስለ ሐዘን የሚሉትን ስሰማ ሳቄ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መመደቢያ፣ ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ሰውየውን ከኑሮው ያደናቀፈ ሐዘን ሕመም ሊሆን ይችላል ይላል። 6 ወር! እኛ እኮ አርባ አውጥተን፣ ሰማንያ አውጥተን፣ ሙት ዓመት አውጥተን፣ በሰባት ዓመቱ ተዝካር ላይ እንደ አዲስ የምናለቅስ ሰዎች ነን። ልጅቷ ወረድ ብላ አነበበችልኝ፤ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልማድ በግልጽ ያለፈ ሲሆን ነው ይላል አለችኝ። ታዲያ ልማዱን ማንን ጠይቀው ሊያውቁ ነው? ለማንኛውም እኔን አይመለከተኝም። ባለቤቴ ካረፈች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ሐዘኔን በወጉ ጨርሻለሁ። የሴቶች እድሯን መዋጮ ብቻ በየወሩ እየሄድኩ እከፍልላታለሁ። ገንዘብ ያዥዋ «ጋሼ፣ እርሳቸው እኮ...» ብላ ስትጀምር እገሥጻታለሁ። ውዝፍ ተብላ ስሟ ከመዝገብ እንዲሠረዝ አልፈልግም። ይህ ደንብ ማክበር ነው እንጂ ሐዘን አይደለም። ልጅቷ ይህን ስታውቅ ምንም አላለችኝም፤ ብቻ የሚቀጥለውን ወር መዋጮ ልከፍል ስሄድ አብራኝ ሄደች።

አራተኛው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄዳ የተግባር ልምምድ የምታደርግበት ነው። እዚያም ተራው ነርስ ድብርትና የሚጥል በሽታ ለይቶ ማከም ጀምሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ነው ይላሉ። ስፔሻሊስቱ ጥቂት ስለሆነ ሥራው ለሌላው ይካፈል ነው ሐሳቡ። ሥራ ማካፈልን ከእኛ ነው የሰረቁት፤ በደቦ ያላጨድን ይመስል!

የመመረቂያ ጽሑፏን ደግሞ በምን ላይ ብትሠራ ጥሩ ነው? በእድር ላይ! በእኔ እድር! መጽሐፎቿን አገላብጬ አየሁ፤ እድርን «ኢ-መደበኛ ተቋም» ይሉታል። ዳኛ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ገንዘብ ያዥ አለን፣ ማኅተም አለን፣ ጥሩንባ ነፊ አለን፣ ድንኳን አለን፣ ቀብር ለቀረ ቅጣት አለን። መንግሥት ስንት ጊዜ ሲለዋወጥ የእኛ መዝገብ አልተለወጠም፤ ኢ-መደበኛው ማን ነው? ኤች አይ ቪ ሰውን በጨረሰበት ጊዜ ስንቱ እድር ከቀብር ወጥቶ ሕመምተኛ ሲያስታምም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲያስተምር ነበር። የእኛም እድር እንዲሁ አድርጓል። እርግጥ ያኔ እኔ ደንቡ ውስጥ የለም ብዬ አጥብቄ ተቃውሜ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ፤ ስለዚህ ሥራውን የሠራነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፤ ቃለ መጠይቅ ነው ብላ ቀዳችው። ጽሑፉ ተጠርዞ ሲመጣ ስሜን ፈለግሁ፣ የለም። «መረጃ ሰጪ 4» ብላኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስም ያወጣሁ ሰው ቁጥር ሆንኩ! ምስጢርዎን ለመጠበቅ ነው አለችኝ። ማን ጠብቂልኝ አላት? ያውም 4! አንደኛው ማን ነው ብዬ ብጠይቃት አልነግርም አለች። ያ ገንዘብ ያዥ እንደሆነ አውቃለሁ። ቶክሲክ ሰው ነው። ይህን ቃል እነዚህ ልጆች እየደጋገሙ ሲሉት እንዴት እንደሚያስጠላኝ!

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን የዚምባብዌው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ክፍልና ገንዘብ ሲያጣ 14 አያቶችን ሰብስቦ አሠለጠነ። የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው፤ የጨነቀው ሰው ከአያቶቹ አጠገብ ተቀምጦ ችግሩን ይናገራል፣ አንዱን ችግር መርጠው አብረው መላ ይፈልጉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናቱ ታትሞ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ የተሻለ እንደተሻላቸው ተመሰከረ። አያት መሆን ሙያ ሆኖ ተመሰከረላቸው! ለእኛስ? እኛ ሀገር አያት ወንበር የሚለቀቅለት ታክሲ ውስጥ ነው፤ እሱም ቀርቷል። ደግሞ ሴቶቹን ብቻ ነው የመረጡት፤ አያት ወንድ የለውም?

እንዲህ ያለውን ወረት አልከተልም። ብቻ ከግቢዬ ያለውን አግዳሚ ወንበር ወደ ውጭ በር አወጣሁት፤ ለፀሐይ ነው። አንድ ወጣት ሚስቱ ቤሩት ለሥራ ሄዳ ድምፅዋ የጠፋበት፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲያልፍ ጠራሁትና አስቀመጥኩት። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። አፉን ሲከፍት፣ እኔ ባለቤቴ ታማ በነበረችበት ጊዜ የሆንኩትን አስታወሰኝና ከዚያ ጀመርኩለት። አመሻሹ ድረስ አንድም ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ቅልል ብሎኝ ገባሁ። ነገሩ በእርግጥ ይሠራል! ልጁም በጣም ተሽሎታል መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በላይኛው መንገድ ነው የሚያልፈው።

አሁን የቀረው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ 50 ከመቶ ሳያመጣ ዲግሪውን አያገኝም። 4 ዓመት ሰው ሲያዳምጥ የኖረን ልጅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው በኮምፒውተር ይጠይቁታል። ልጅቷ ደግሞ «ራስን መንከባከብ» የሚል ትምህርት ስላለ ማታ ማታ ትተኛለች። ሌሊት ሞጁሉን የማነበው እኔ ነኝ። ከንቱ ነገር መሆኑን ጠንቅቆ ለማወቅ ሦስተኛ ጊዜ እየጨረስኩት ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ እጠይቃታለሁ፤ ስትስት እቆጣለሁ፤ «አባባ፣ ይህ አቀራረብ አያበረታታም» ትለኛለች፤ በገጽ ስንት እንዳለ ስነግራት ዝም ትላለች። ብታልፍ ሥራ ቶሎ ይገኛል ወይ እሱ ሌላ እሮሮ ነው። እስኪገኝ ድረስ ወንበሬ ላይ ጥግ እሰጣታለሁ፤ እያየች ትማር።

እናንተም እኩዮቼ፣ ነገር የከበደው ካለ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ይበል። ስሙ አይጻፍም፣ የተናገረው ከሰፈር አይወጣም። ምክር እንደሆነ አልሰጥም፤ በሙያው ክልክል ነው። ብቻ ስትመጡ ጋቢ ደርቡ፣ ባዶ ሆዳችሁን አትምጡ፣ ከወንድማችሁ ጋር በውርስ የተካሰሳችሁትን ክስ አንሡ፣ ያንን ጨው አብዝቶ የሚሠራ ምግብ ቤት ተዉት፣ ስልካችሁንም ዝጉ፤ ስናገር ሲያቋርጡኝ አልወድም።